ካክተሳችሁ ለምን አላበበም?

በብዙ የከተማ ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ጠርዝ ወይም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ካክተስ አይጠፋም። አይሞትም፣ ብዙም አያድግም፣ አበባ የሚባል ነገርም አሳይቶ አያውቅም። ባለቤቱ «ይሄ ዓይነቱ የማያብብ ነው» ብሎ ከደመደመ ቆይቷል። ነገር ግን ለቤት ተብለው ከሚሸጡት ትናንሽ ካክተሶች ብዙዎቹ ገና ሎሚ እንኳ ሳያክሉ ማበብ ይችላሉ። አበባውን የሚያስቀርባቸው የእኛው እንክብካቤ ነው፤ በተለይ በብርዱ ወራት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን ውኃ ስናጠጣቸው።

ካክተስ የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና ይበቅላል። በእኛ አገር ገደላ ገደሉን የሞላው ቁልቋል መልኩ ቢመስልም ዝምድና የለውም። በለስ ግን ከዚያው አህጉር፣ ከሜክሲኮ የመጣ እውነተኛ ካክተስ ነው። ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ስትገዙ ነው፤ «ካክተስ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ የቁልቋል ወገን የሆኑ ጥቂት አይደሉም፣ እዚህ የሚነገረው የአበባ ምክርም ለእነሱ አይሠራም። ለመለየት እሾሁ የሚበቅልበትን ቦታ ተጠግታችሁ እዩ። የካክተስ እሾህ ጥጥ ወይም ሱፍ ከመሰለች ትንሽ ነጥብ ውስጥ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ያቺ ነጥብ ከሌለች ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ ወተት ማውጣቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የቁልቋል ወተት ዓይን የሚያቃጥል መሆኑ የታወቀ ነው፣ ወተት ያላቸው ካክተሶችም ግን አሉ።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ማሚላሪያ የሚባለውን ወገን ነው። ከ150 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ አብዛኞቹም የሜክሲኮ ናቸው። ገላው ዙሪያውን በትናንሽ ጉብታዎች የተሸፈነ ነው፤ አበቦቹ ከጉብታዎቹ መካከል ብቅ ብለው አናቱን እንደ አክሊል ይከቡታል። ከእነዚህ ውስጥ ማሚላሪያ ዘይልማኒያና ገና በትንሽነቱ ሐምራዊ ሮዝ አበባ ያወጣል፤ ማሚላሪያ ሃኒያና ደግሞ ነጭ ፀጉር የለበሰ ነው፣ ባያብብም ያምራል። በደጋ ለሚኖር ሰው ሬቡቲያም ጥሩ ነው። የቦሊቪያና የሰሜን አርጀንቲና ተራሮች ተክል ስለሆነ ብርድ ይወዳል፤ አበባው የሚወጣው ከግርጌው ስለሆነ ሲያብብ ተክሉ ራሱ አይታይም። አዳማ፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ላላችሁ ሬቡቲያ አይሆንም፣ ሙቀቱ ያደክመዋል። እዚያ ማሚላሪያ ወይም ጂምኖካሊሲየም የሚባለው ሌላ የካክተስ ወገን ይሻላል።

ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ አረንጓዴ ግንድ ላይ የተቀመጠበት ካክተስም በየቦታው ይሸጣል። ኳሱ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት አይችልም፤ በሌላ ካክተስ ላይ ተዳቅሎ ነው የሚኖረው። ሁለቱ አካላት አንድ ላይ ሆነው ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ይቆያሉ። ክብና ወርቃማ እሾህ ያለው ትልቁ ካክተስ ደግሞ ከእግር ኳስ በላይ ሳይገዝፍ አያብብምና ለአበባ ብላችሁ አትግዙት። በአሜሪካና በአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች የምትገዙ ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ አናቱ ላይ የሚታየው ደማቅ አበባ አንዳንዴ በሙጫ የተለጠፈ የደረቀ አበባ ነው። ወረቀት ወረቀት የሚል፣ ማታም ሆነ ጠዋት የማይከደን፣ ለሳምንታት ቅንጣት የማይለወጥ ከሆነ የተለጠፈ ነው። በኃይል አትንቀሉት፤ አናቱ የተክሉ ማደጊያ ስለሆነ ይቆስላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ፣ ካክተሱ በብርዱ ወራት ወደሚያስፈልገው ዕረፍት እንምጣ። ማሚላሪያ የሚበቅልባቸው የሜክሲኮ ደጋማ አካባቢዎች ከእኛ ደጋ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር ብዙ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ። እዚያም ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ የሆነበት ደረቅ ወቅት ይከተላል። ካክተሱ በዝናቡ ወራት ጠጥቶ ያድጋል፣ በደረቁ ወራት ዕድገቱን ያቆማል፣ ሲሞቅ ያብባል። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ሰው ይህን ወቅት በነፃ አግኝቶታል ማለት ነው። የውጭ አገር አትክልተኞች ለዚሁ ብለው ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ያለንን ብርድ ትተን ካክተሱን ሳሎን እናስገባዋለን።

ብርዱ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ተክሉ ዕድገቱን ሲያቆም ጉልበቱን ወደ ግንድ ሳይሆን ወደ አበባ እንቡጥ ማዞሩ ነው። ሁለተኛው ከአተነፋፈሱ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ተክሎች ቀዳዳቸውን ቀን ሲከፍቱ ካክተስ የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ በፀሐይ ከፍቶ ውኃውን እንዳያባክን። ሌሊት ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ በፀሐዩ ብርሃን ይሠራበታል። ለዚህ ቀዝቃዛ ሌሊት ይስማማዋል። ቀንም ሌሊትም እኩል የሚሞቅ ክፍል ለእኛ ምቹ ነው፣ ለእሱ ግን አድካሚ ነው።  

በተግባር እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ውኃውን ማራራቅ ጀምሩ፤ ወሩ ሲያልቅ አንዴ በደንብ አጠጡና አቁሙ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ይሁኑ። ፖቱ በጣም ትንሽ ከሆነ በወር አንዴ አፈሩን በጥቂቱ ማርጠብ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን አያስፈልግም። ቦታው ብርሃን የሞላበትና ቀዝቃዛ ይሁን፤ ጣሪያ ያለው በረንዳ ከሁሉ ይበልጣል። ከ5 እስከ 12 ዲግሪ የሚወርድ ሌሊት ለማሚላሪያና ለሬቡቲያ ተስማሚ ነው፤ የአዲስ አበባም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ይወርዳል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ውርጭ በሚወርድበት ቦታ ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ነው። ደረቅ ካክተስ ብርድን ይችላል፤ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ያው ብርድ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ተክሉ ይኮማተራል፣ ጉብታዎቹ ይቀራረባሉ፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ወደ አፈሩ የሰመጠ ይመስላል። ብዙ ሰው ድካሙን ከንቱ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፤ «ተጠማ» ብሎ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያፈስበታል። አልተጠማም። ያከማቸውን እየተጠቀመ ነው፣ የደረቁ ወራት መልኩም ይኸው ነው።

የካቲት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አጉሊ መነጽር ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። በማሚላሪያ ላይ በአናቱ አካባቢ፣ ባለፈው ዓመት ባደጉት ጉብታዎች መካከል ካለው ነጭ ሱፍ ውስጥ፣ ሮዝ ወይም ቀላ ያለች ጫፍ ብቅ ትላለች። ከመርፌ አናት አትበልጥም። በማግሥቱ ሌላ አጠገቧ ትጨመራለች፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቀለበት መሥራት ይጀምራሉ። በሬቡቲያ ላይ ደግሞ ግርጌውን ፈልጉ፤ ፀጉር ያላት ቡናማ ቀይ ነጥብ ናት። አዲስ ልጅ፣ ማለትም ከጎን የሚበቅል ትንሽ ካክተስ፣ ከሆነች ከመጀመሪያው ትናንሽ እሾሆች ይታዩባታል፤ እንቡጥ ከሆነች ጫፏ ሾጠጥ ያለና እሾህ የሌለው ነው። ይህን እንዳያችሁ ውኃ ለመስጠት አትቸኩሉ። በተለይ በሬቡቲያ፣ ውኃው ቀድሞ ከመጣ ነጥቧ ሐሳቧን ቀይራ አበባ መሆኗ ቀርቶ ልጅ ሆና ልታድግ ትችላለች። ምስር እስክታክል ጠብቁ። ከዚያ በመጀመሪያ ትንሽ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በደንብ አጠጡ። እንቡጥ የያዘ ካክተስ ቦታው ሲቀያየር እንቡጡን ሊያራግፍ ስለሚችል እዚያው ይቆይ።

አበባው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። የሬቡቲያ አበባ ረፋድ ላይ ይከፈታል፣ ማታ ይከደናል፣ ለጥቂት ቀናት ይህንኑ ይደጋግማል። የማሚላሪያም ፀሐይ ይፈልጋል፤ በደመናማ ቀን ሳይከፈት ሊውል ይችላል። አንዱ አበባ ሲጠወልግ ሌላው ስለሚተካው ቀለበቱ ለሳምንታት ይቆያል።

ስለ ብርሃን ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ዕረፍቱም ዋጋ የለውም። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስተማምነው የምሥራቅ መስኮት ነው፤ በክረምትም ከሰዓት በኋላው ደመና ሲሆን የጠዋቱ ፀሐይ አያመልጠውም። ብርሃን ያጣ ካክተስ አናቱ እየቀጠነና እየነጣ ወደ መስኮቱ ይዘማል። የቀጠነው አይመለስም፤ ፀሐይ ሲያገኝ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ይወፍራል። ታዲያ ይህን አይቶ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ማውጣት ሌላ ችግር ያመጣል። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ቤት የቆየውን ካክተስ በአንድ ቀን ታቃጥለዋለች፣ ጠባሳውም እንደ ቡሽ ደርቆ ይቀራል። በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምዱት።

አፈር ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ያገኘውን አፈር ስለሚጠቀም ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ሥር ይበጥሳል፤ ለካክተስ ከዚህ የባሰ አፈር የለም። የሚያስፈልገው ውኃ ሲፈስበት ወዲያው የሚያሳልፍ ነው። ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በእኛ አገር ርካሽ ነው፤ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ወይም ቀይ አሸዋ። ብሎኬት ማምረቻ ሄዶ አንድ ፌስታል መጠየቅ ይበቃል። በወንፊት ነፍታችሁ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክለውን አስቀሩ፣ ዱቄቱን ጣሉ፣ የቀረውን ውኃው እስኪጠራ እጠቡ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ፣ ያቃጥለዋል። ከፖቱ ሥር ጠጠር መደርደር ውኃን ያሳልፋል የሚባለው ልማድ ነው እንጂ ጥቅም የለውም፤ አፈሩ ራሱ ካላሳለፈ ጠጠሩ አያድነውም።

ፖቱ ከተክሉ በጣት ስፋት ብቻ የሚበልጥ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን። የሸክላ ፖት እርጥበቱን በጎኑም ስለሚያስተነፍስ ለሚያበዛ እጅ ይሻላል። የወተት ጣሳም ይሆናል፤ በሚስማር አራት አምስት ቦታ መብሳት ብቻ ነው። ትልቅ ፖት ውስጥ ትንሽ ካክተስ መትከል ደግነት አይደለም፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ መበስበሱም ከዚያ ይጀምራል።

በዕድገት ወቅት ውኃ ስትሰጡ ከታች እስኪፈስ ስጡ፣ ከዚያ አፈሩ እስከ ሥሩ ድረስ እስኪደርቅ ምንም አትስጡ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ላዩን ያረጥባል፣ ከታች ያሉትን ሥሮች ያደርቃል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ስቴኪኒ እስከ ሥር ድረስ ወግታችሁ አውጡ፤ አፈር ከተለጠፈበት ገና ነው። ፖቱን ማንሣትም ያስተምራል፤ የደረቀ ፖት ክብደቱ በግልጽ ይለያል። በሞቃቱ የዕድገት ወራት መድረቁ ከ10 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ቀን ቆጥሮ ከማጠጣት ግን ስቴኪኒውን ማመን ይሻላል። ማዳበሪያ ብዙ አይጠይቅም። ለእርሻ የሚገዛው ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ያሳብጠዋል እንጂ አያሳብበውም፤ ለቲማቲም የሚሸጥ ፖታሲየሙ የበዛ ፈሳሽ ማዳበሪያ ካገኛችሁ የታዘዘውን ግማሽ አድርጋችሁ በወር አንዴ፣ በዕድገት ወቅት ብቻ።

ክረምቱ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምንም እንኳ ካክተሱ በአገሩ በዝናብ ወቅት የሚያድግ ቢሆን፣ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ማሚላሪያ የሚበቅልባቸው ደረቅ ቦታዎች ብዙዎቹ የዚህን ግማሽም አያገኙም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ጥቂት ናት፣ አፈርም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጣሪያ ሥር ይግባ፤ በረዶም አናቱን ይፈነክተዋል። መሠረቱ ላይ ቡናማና ለስላሳ ቦታ ካያችሁ አትጠብቁ። በአልኮል በተጠረገ ስለታም ቢላ ጤነኛው አረንጓዴ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ በተቆረጠው መካከል ቅንጣት ቡናማ ቀለበት ከቀረ እንደገና ቁረጡ። ከዚያ የተረፈውን አናት በጥላ ለ2 ሳምንት አድርቃችሁ በደረቅ ፑሚስ ላይ አስቀምጡት፤ ሥር ሊያወጣ ይችላል።

በውጭ አገር ላላችሁ ወራቱ ይለያያል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ችግሩ ማሞቂያው ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ማሞቂያ የሌለበት መኝታ ክፍል ወይም የደረጃ መስኮት ፈልጉለት፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በእስራኤል ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ስለሆነ ነገሩ ተገልብጧል፤ ተክሉ በሚያርፍበት ጊዜ ሰማዩ ያጠጣዋልና በረንዳው ጣሪያ ሊኖረው ግድ ነው። በዱባይና በኩዌት ደግሞ የሚያርፈው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ዕድገቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ጥላ ስጡት፣ ውኃውንም ቀንሳችሁ ማታ አጠጡ።

ከተባይ ሁሉ የሚያስቸግረው በእሾሆቹ መካከል ጥጥ መስሎ የሚቀመጠው ነጭ ተባይ ነው። በስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ 70 በመቶ አልኮል እየነከራችሁ አንድ በአንድ ንኩት፣ በሳምንቱም ድገሙት። ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ገብቶ በትግራይ በለስን ያወደመው ኮቺኒልም የዚሁ ተባይ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ችላ ሲባል ምን እንደሚያደርግ እዚያ ታይቷል። በገላው ላይ ሳይታይ ተክሉ እየደከመ ከሄደ ከፖቱ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ፤ አንዳንዱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

በ2 ወይም በ3 ዓመት አንዴ አፈሩን መቀየር ያስፈልጋል። ጋዜጣ አጥፋችሁ እንደ ቀበቶ ጠቅልሉትና ያዙት፤ እጃችሁም እሾሁም ይተርፋል። ከቀየራችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ውኃ አትስጡ፣ የተበጠሰ ሥር መድረቅ አለበት። ልጆች ካወጣ አንዷን ጠምዘዝ አድርጋችሁ አውጡ፣ ለሳምንት አድርቃችሁ ትከሉ።

ከዘር ለማራባት ለሚፈልግ፣ አብዛኞቹ ማሚላሪያዎች በራሳቸው የአበባ ዱቄት አያፈሩም፤ ከሌላ ዘር የመጣ ተመሳሳይ ዓይነት ያስፈልጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያብቡ በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ከአንዱ ወደ አንዱ ውሰዱ። ከወራት በኋላ ከጉብታዎቹ መካከል ቀይ ቀጭን ፍሬ ይወጣል፤ ውስጡ ጤፍ የሚያክሉ ዘሮች አሉ። አጥባችሁ አድርቁና በሚያዝያ በእርጥብ አፈር ላይ በትኑ፣ በአፈር አትሸፍኑ፤ ፖቱን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍናችሁ ብርሃን ያለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላሉ። በአንድ ዓመት ሽምብራ ካከሉ ደህና አድገዋል፤ አበባ የሚያሳዩት ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ኅዳርና ታኅሣሥ የተባለው ግን ለእነዚህ ችግኞች ገና ነው፤ የመጀመሪያውን ብርድ የሚያሳልፉት ሞቅ ባለ ቦታ፣ አፈራቸው ጨርሶ ሳይደርቅ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየጠጡ ነው።